ግማሹ ጓሮ የኔ ነው

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ፍሬን የለሽ» ይሏታል። በመንዳቷ እንዳይመስላችሁ፤ መሪ ከጨበጠች ጀምሮ የአንድ ሰው መስታወት እንኳ አልጫረችም። ፍሬን የሌለው ምላሷ ነው። በር ላይ ተለጥፎ «አልገባም፣ አልወጣም» የሚለውን ተሳፋሪ፣ መንገድ መሐል ቆሞ ስልክ የሚያወራውን ባለ መኪና፣ ፈረቃ ሲያወጣ የሚያዳላውን የስምሪት ኃላፊ፣ ሁሉንም እንደየሥራቸው ታጠጣቸዋለች። ታዲያ ቁጣዋ ቱግ ብሎ ወዲያው የሚበርድ ነው። አሁን የሰደበችውን ሽማግሌ በሚቀጥለው ፌርማታ «አባቴ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ እጠብቅዎታለሁ» ትለዋለች። በዚያ ዓመት የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል የያዛት ቁጣ ግን እንዲህ ያለ አልነበረም። ቤት የገባ፣ አብሯት የሚተኛ፣ አብሯት የሚነሳ ቁጣ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጓሮ ነው። እናቷ ትተውላቸው ባለፉት ቤት ውስጥ እሷ ምድር ቤቱን፣ ታናሽ ወንድሟ ከሚስቱ ጋር ፎቁን ይዘው ይኖራሉ። ጓሮው የጋራ ነው። እናትየው በደህናው ጊዜ ከኩሽናው በር እስከ አጥሩ ድረስ ካሮት፣ ቆስጣና ሽንኩርት፣ በጎን በኩል ደግሞ ናና፣ በሶብላና ጦስኝ ያለሙበት ነበር። አልጋ ላይ በዋሉበት በመጨረሻው ዓመት ምግብ ሁሉ አስጠላቸው፤ ያልጠሉት የናና ፍል ብቻ ነበር። ልጃቸው ከፈረቃ ስትመለስ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ጓሮ ወጥታ ትቀጥፍና ታፈላላቸዋለች። ወንድምየው ከፎቅ የሚወርደው እሑድ እሑድ ነበር። በደረጃ! ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ይመስል፣ «እማ፣ ዛሬማ ፊትሽ በርቷል» ብሎ፣ ሰዓቱን አይቶ ይሄዳል።

እናትየው ሲያርፉ እሷ ጓሮውን ማየት አቃታት። የኩሽናውን መስኮት በመጋረጃ ጋረደችው። አረሙ ወገብ ደረሰ፣ ደረቀ፣ ወደቀ። ልቤ ሲችል እነካዋለሁ ብላ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ወንድሟ ያገለገለ መኪና ደላላ ነው። መሥሪያ ቤቷ ለአዲሶቹ አውቶቡሶች ሥልጠና ብሎ ሌላ ከተማ ልኳት ሰንብታ ስትመለስ፣ የኩሽናውን በር ከፍታ አንድ እግሯን አወጣችና በዚያው ቀረች። ጓሮው ከግንብ እስከ ግንብ ሊሾ ሆኗል። ሊሾው ላይ ሁለት መኪና ቆሟል፤ የአንደኛው ኮፈን ተከፍቶ ዘይት ያንጠባጥባል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው ደረጃው ላይ ስታገኘው።

«አየሽው? አያምርም? ጭቃ ተገላገልሽ እኮ፣ እታለም!» አላት። «እታለም» የሚላት አንድም ነገር ሲፈልግ፣ አንድም ጥፋት ሲያጠፋ ነው።

«ማንን ጠይቀህ?»

«ምን የሚያስጠይቅ ነገር አለው? ባዶ ቦታ ነው።»

ባዶ ቦታ! ይቺ ቃል እንደ እሾህ ገብታ ተሰነቀረችባት። ያ ሁሉ የምትሳደበው ስድብ ጠፋት። ምላሷ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ያዘ። ዘወር ብላ ቤቷ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያም የደንብ ልብሷን ለብሳ እንደቆመች አለቀሰች። ባልደረቦቿ ያን ሰሞን «ፍሬን የለሽ ምን ነክቷት ነው ዝም ያለችው?» ተባባሉ። ዝምታዋ ከስድቧ ይልቅ አስፈራቸው።

በእረፍት ቀኗ ከጋራዡ መካኒክ ትልቁን ድንጋይ መፍለጫ መዶሻ ተውሳ መጣች። ጓሮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በገመድ ለካች፣ እኩል ከፈለች፣ መሐሉ ላይ በኖራ መሥመር አሰመረች። በእሷ በኩል የቆመችውን መኪና ፍሬኗን ለቅቃ በትከሻዋ እየገፋች ወደ ማዶ አሻገረቻት። ከዚያ መዶሻውን አነሳችና ለቀቀችው።

በሁለተኛው ምት ወንድሟ በእንቅልፍ ልብሱ እየሮጠ ወረደ።

«አበድሽ እንዴ?»

«ግማሹ ጓሮ የኔ ነው። ያንተን አልነካሁም። ከፈለግህ ወርቅ አልብሰው።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሲሚንቶ ስታፈስ ሰው ምን አለ?» መዶሻው ወረደ፤ ስንጥሩ እግሩ ሥር ፈነጠቀ፤ ሰውየው ወደ ኋላ ዘለለ።

«በሽማግሌ እንጨርሰው እሺ? እታለም፣ ስሚኝ እስቲ…»

«ሽማግሌ ያኔ ነበር መጥራት! አሁን ከፊቴ ዞር በል፤ እግርህን ብመታህ ደግሞ በኔ ታሳብባለህ!»

ያ ሥራ በአንድ ቀን አላለቀም። መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። መሪ ስትይዝ ጣቶቿ አልታጠፍ እያሉ በግድ ታጥፋቸዋለች፤ ማርሽ ስትቀይር ትከሻዋ ይጮኻል። ሊሾው ተነስቶ ከሥር ያገኘችው ደግሞ አፈር ለማለት የሚያሳፍር ነገር ነበር። አመድ የመሰለ፣ ጠጠር የበዛበት፣ ዘይት ዘይት የሚል። በእፍኟ ዘግና አሸተተችውና በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነባት። የእናቷ አፈር ጥቁር ነበር፤ ጣት ሲገባበት ይሞቅ ነበር። ግንበኞቹ ላዩን ጠርገው ወስደው ጠጠር ሞልተውበታል። «አፈሩን እንኳ!» አለች ለብቻዋ፣ «አፈሩን እንኳ ጣለው!»

የአውቶቡሷ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ የፈረስ ጋጣ አለ። የጋጣው ጠባቂ የከረመውን ፍግ ማን በወሰደልኝ የሚል ሰው ነበርና ፈረቃዋን ስትጨርስ በከረጢት እየሞላች፣ የባልደረባዋን አውቶቡስ እንደ ተሳፋሪ እየተሳፈረች ማመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን ባለ ከረባቱ ጎረምሳ አፍንጫውን ይዞ «ኧረ ይሄ ነገር ሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ይገባል?» ቢል፣ «ሰላጣ ስትበላ ሸቶህ ያውቃል? አያውቅም! እንግዲያው አፍንጫህን ልቀቅና ተንፍስ!» አለችው። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ፍጉን ከአፈሩ ጋር ቀላቅላ፣ ጠጠሩን ለቅማ፣ መደብ አወጣች። ከዚያ ዘር ሻጩ ዘንድ ሄዳ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ሽንኩርት ገዛች። የቲማቲምና የበሶብላ ችግኝም አንሳልኝ ስትለው፣ ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ሌላው ይዘራ። እነዚህ ሁለቱ ግን ብርድ አይችሉም። የውርጩ ጊዜ ገና አላለፈም፣ ትንሽ ይታገሡ።»

«ብዙ ታግሻለሁ» አለችው። «አንሳልኝ ብያለሁ፣ አንሳልኝ!»

ወንድሟ በየማለዳው ከፎቅ ሆኖ የሚያየው አመድማ አፈር እንዲሆን አልፈለገችም። ለምለም ነገር እንዲያይ ነበር የፈለገችው፤ ቶሎ፣ አሁኑኑ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ችግኙን በተከለች በሳምንቱ ሌሊቱን ሰማዩ ጠርቶ አድሮ ውርጭ ወረደ። ጠዋት በሩን ስትከፍት በሶብላው ጠቁሯል፤ ቲማቲሙ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ቅጠል ተኮማትሮ ተኝቷል። ተንበርክካ አንዷን ግንድ ቀና አደረገቻት። መልሳ ወደቀች።

ከላይ የመስኮት ድምፅ ተሰማ። ወንድሟ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ታች ያያል።

«ባዶ ቦታ ነው አላልኩሽም? እዚያ ላይ ምንም አይበቅልም። ለምን በከንቱ ትደክሚያለሽ?»

ቢያፌዝባት ኖሮ ትችለው ነበር። ያዘነላት መስሎ ነው የተናገረው። ደሟ ፈላ። እጇ ላይ የነበረውን ጓል ወረወረችው፤ መስኮቱ ጋ አልደረሰም፤ ሊሸጥ የተወለወለው መኪና የፊት መስታወት ላይ ፍርክስ ብሎ ፍጉ ተዘረገፈ።

«መኪናዬን!» ብሎ ጮኸ።

«ታጥበዋለህ! የኔን አፈር ግን ማን ያጥበዋል?»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ያን ሁሉ ሳምንት የታፈነው ምላሷ ተለቀቀ። የእናታቸውን ሕመም፣ የእሑዶቹን ጉብኝት፣ ደረጃውን፣ ሰዓቱን ማየቱን፣ ሁሉንም አወጣችው። ሰውየው መስኮቱን ዘጋ። እሷ ግን ለተዘጋው መስኮትም ቀጠለች።

የወንድሟ ሚስት የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ደረጃ ስትወርድ እንኳ እንደ ድመት። ከዚህች ሴት ጋር ከ«እንደምን አደሩ፣ እትዬ» ያለፈ ነገር አውርተው አያውቁም። ፍሬን የለሽ በልቧ «ባሏ ያለውን የምትደግም ገደል ማሚቶ» ብላ ዘግታት ነበር። ደግሞ ብርድ ባደረ በአንድ ማለዳ ግን በሩን ስትከፍት፣ የሰላጣውና የቆስጣው መደብ የመኪና ልብስ ለብሷል። ጠርዙ በአራቱም በኩል በድንጋይ ተይዟል። ገልጣ ብታየው ቡቃያው አንድ ቅጠል ሳይጎዳ አድሯል።

ምን ጉድ ነው ብላ ሳትጨርስ ላይ ቤት ጩኸት ተነሳ።

«የመኪናውን ልብስ ማን ወሰደው? ገዢ እየመጣብኝ መስታወቱ በረዶ ሆኗል!»

ከዚያ ያ የማይሰማው ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ግን ግድግዳ እየሰነጠቀ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት! ጥሩ አድርጌያለሁ! ከመስኮቴ ሥር ዘይት የሚሸት ሲሚንቶ ስታፈስ እኔን ጠየቅኸኝ? ልብስ የማሰጣበት አጣሁ፣ መስኮት የምከፍትበት አጣሁ! እትዬ ቢያንስ ሰደቡህ። እኔ አንድ ቀን ተናግሬሃለሁ? አንድ ቀን?»

ታች የቆመችው ሾፌር የመኪናውን ልብስ ጫፍ እንደያዘች ሁሉንም ሰማች። ለካ እዚያ ቤት ውስጥ የተቆጣችው እሷ ብቻ አይደለችም። ለካ ሌላዋ ቁጣዋን እያላመጠች ትውጥ ኖሯል።

ወንድምየው በሩን አላትሞ ወረደ፤ ማንንም ሳያይ መኪናው ውስጥ ገብቶ አስነሳ። መስታወቱ ገና በበረዶ እንደተሸፈነ ወደ ኋላ ነዳው። «ቁም! ቁም!» ብላ ኮፈኑን በመዳፏ ደበደበችው። አልሰማም ወይም መስማት አልፈለገም። የኋላው ጎማ የኖራውን መሥመር አለፈ፣ መደቡ ላይ ወጣ፣ ሽንኩርቱን ዳጠው፣ ካሮቱን ዳጠው፣ ሰላጣው ጥግ ላይ ቆመ።

ወርዶ አየው። «አላየሁም…» አለ። «እውነቴን ነው፣ መስታወቱ…»

አልጮኸችም። «እኔ መስታወቴ ሳይጠራ ስንት ሰው ጭኜ ብነሳ ምን ትለኝ ነበር?» አለችው፣ ዝግ ብላ። «ቁልፉን ስጠኝ። አንተ ስታወጣው የቀረውን ትጨርሰዋለህ።»

ሰጣት። በመጣበት ጎማ ዱካ ላይ አንዲት ቡቃያ ሳትጨምር አወጣችውና ቁልፉን ሊሾው ላይ ወርውራለት ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀኑን ሙሉ አንድም ተሳፋሪ አልተሳደበችም።

ስትመለስ የወንድሟ ሚስት የሥራ ጋወኗን እጅጌ ሰብስባ ከአጥሩ ሥር የተከመረውን የሊሾ ስባሪ ወደ መሥመሩ ስትጎትት አገኘቻት። ሾፌሯ ቦርሳዋን ጥላ በሌላው ጫፍ ያዘች። ትልልቁን ከታች፣ ትንንሹን ከላይ እየደረደሩ፣ ክፍተቱን በጭቃ እየሞሉ፣ ጉልበት የሚያህል ካብ ከግንብ እስከ ግንብ ሠሩ። ሲጨርሱ ከማዶ ለተረፈው መኪና መዞሪያ ቦታ አልቀረም።

«ይቆጣሻል» አለቻት ሾፌሯ ላቧን እየጠረገች።

«ይቆጣ፣ እትዬ። እኔም ተቆጥቻለሁ።»

ተቆጣም። ለዘመድ ሁሉ ደወለ፤ «ሁለት ሴቶች ተባብረውብኝ ከገዛ ቤቴ መኪናዬን አስወጡት» አለ። ከዘመዶቹ አንዷ አክስት ብቻ «የማን ቤት?» ብላ ጠየቀችውና ስልኩን ዘጋባት። ኋላ መኪኖቹን ሌላ ቦታ ወስዶ ማቆም ጀመረ። ሚስቱ በእነሱ በኩል ባለው ሊሾ ላይ የልብስ ገመድ ወጠረች።

የዳጠው መደብ እንደገና ተቆፍሮ፣ እንደገና ተዘራ። ብርዱ ሲለቅ በሶብላው በወቅቱ ተተክሎ ያዘ። ሰላጣው ለመቆረጥ ሲደርስ የወንድሟ ሚስት አንድ ሳህን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። በተከፈተው መስኮት የሹካ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የወንድምየው ድምፅ።

«ጨው ያንሰዋል።»

ታች ካሮት እያሳሳች የነበረችው ፍሬን የለሽ ቀና አለች። «ሰማሽው? ይሄ ዓይኑን በጨው ያጠበ! ሳህኑን ቀሚው! ይቅርታ ከአፉ ሳይወጣ ሰላጣዬ አፉ ይገባል? ቀሚው ብያለሁ!»

«ጨርሶታል እኮ፣ እትዬ» አለች ሚስትየዋ ከመስኮቱ ብቅ ብላ፣ ሳቋን አፍና።

«ጨረሰው?»

«ሳህኑን ጠርጎ።»

ሾፌሯ ተመልሳ መደቡ ላይ ጎንበስ አለች። አንዷን ካሮት ከሚገባው በላይ በኃይል ነቀለቻት። «ነገ ቀይ ሥሩን እንዘራለን» አለች ቀና ሳትል። «ቀድመሽ ከገባሽ አንቺ ውሃ አጠጪ። እሱ ግን ካቡን እንዳይሻገር!»