ቢጫው የሚመጣበት አፈር

ሐደራ ከተማ፣ ቤት ኤሊዔዘር በሚባለው ሰፈር፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር አባቴ ስንዴ ይዘሩ ነበር። መደቡ አንድ መኪና ቢቆምበት ይሞላል። ጎረቤቶቻችን ጎመንና ቃሪያ ሲተክሉ እሳቸው ስንዴ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱንም ሰው ሁሉ ያውቃል። እናቴ አዲስ አበባ ላይ፣ ወደ እስራኤል የሚያመጣንን አውሮፕላን ስንጠብቅ ሞተች። እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ። ተዝካሯን በወጉ አላወጣንላትም። አባቴ ደግሞ የተዝካሯ ዳቦ በእጄ ከዘራሁት ስንዴ እንጂ ከሱቅ ዱቄት አይጋገርም ብለው ምለው ነበር።

ስንዴው ግን እምቢ አለ። ኅዳር ላይ ደህና ይበቅላል፤ ዝናቡ በርትቶ መሬቱ ውኃ ሲቋጥር ቅጠሉ በቢጫ ይዥጎረጎራል፣ ቁመቱም ባለበት ይቀራል። ሙቀት ሲመጣ ትንሽ ያገግምና ለዘር ብቻ የምትበቃ ቀጫጫ ፍሬ ይሰጣል። ወደ ሐደራ ሳንመጣ በፊት፣ አዲስ መጪ በሚያርፍበት የካራቫን፣ የተነቃይ ቤት ሰፈር ስንኖርም እንዲሁ ነበር። ከትግራይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከበረንዳቸው ሆነው አባቴን ይተርቧቸዋል።

«አንተ ሰው፣ ይኼ ስንዴ እያደገ ነው ወይስ እየሸበተ?»

«እንደ እርስዎ ነው፤ ሥራ ሳይሠራ ሸበተ» ይላሉ አባቴ።

ይሳሳቃሉ። ሽማግሌው ሲገቡ አባቴ ቅጠሉን በጣታቸው ይጠርጉታል። ዋግ ቢሆን ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። ምንም አይቀርም። ባዶ ጣታቸውን ረጅም ጊዜ ያዩታል።

እኔ የተማርሁት አንደኛ ደረጃ ብቻ ነው። ከኢንዱስትሪ ዞኑ ባሻገር አንድ ሐማማ ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ሐማማ የምንለው የላስቲክ ቤት ነው። እዚያ ብዙ ዓይነት የስንዴ ዘር ከታመመ ማሳ በመጣ አፈር ላይ ይዘሩና የትኛው በሽታውን እንደሚቋቋም ያያሉ። የእኔ ሥራ ሥር ማጠብ ነበር። ተስማማኝ፤ ሥር አያናግርም።

ብርዱ በገባ ሰሞን አንዱ ረድፍ በቢጫ ተዥጎረጎረ። ቁርጥ የአባቴን ስንዴ ይመስል ነበር። እቃ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

«ሐሙዳ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ ምርምሩን የምትመራው ዶክተር። ከሩሲያ የመጣች፣ ሁላችንንም ሐሙዳ፣ የኔ ቆንጆ፣ እያለች የምትጠራ ሴት ናት።

«ምንም» አልሁ። ከማውቀው ሰው ጋር ለመነጋገር እንኳ ድፍረት የለኝም። የአባቴን ነገር የነገርኋት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። በሥሩ ውስጥ የወይን ዘለላ የመሰለ ነገር ተከማችቷል።

«ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርገውን ቫይረስ የሚሸከመው ይኼ ነው» አለች። «አፈሩ ሲረጥብ እየዋኘ ወደ ሥሩ ይገባል። ሲደርቅ ይተኛል።»

«እስከ መቼ?»

«ስንዴ ባይዘራበትም ለብዙ ዓመት ይጠብቃል።»

ይጠብቃል ያለችው ነገር ቤት እስክገባ አልለቀቀኝም።

ከመደቡ አፈር ይዤ እንድመጣ ጠይቃኝ ነበር። ለአባቴ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«አትንኪው» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። እናቴ በተቀበረች ቀን ከመቃብሯ አንድ እፍኝ አፈር ዘግነው ወገባቸው ላይ ቋጠሩ። በእኛ በቤተ እስራኤል ሥርዓት መቃብር የነካ ሰው ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጣል፣ ታጥቦ ሲነጻ ነው ከሰው የሚቀላቀል። ቀኑ ሳይሞላ ተነሡ ተባለ፤ ሳይነጹ ተሳፈሩ። ያን አፈር ካራቫኑ አጠገብ በቆፈሩት መደብ በተኑት። ወደ ሐደራ ስንመጣም ከዚያ መደብ አፈር በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተው አመጡ፤ እሷን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም።

«ከመቃብር አፈር ዳቦ ፈለግሁ» አሉ። «እምቢ ያለችው እሷ ናት።»

 በጓንት እወስዳለሁ ብዬ ለመንኋቸው፤ አልከለከሉኝም፣ ግን ስቆፍር ፊታቸውን አዞሩ። ሐማማው ውስጥ ስንዴ ዘራንበት። ሥሩን ራሴ አጠብሁ። ያው ዘለላ ነበር። ዶክተሯ ካራቫኖቹ የቆሙት ድሮ ስንዴ በተዘራበት ማሳ ላይ ሳይሆን አይቀርም፣ በሽታው ከዚያ ነው የመጣው አለች፤ እርግጡን ግን አታውቅም። ለገበያ ከወጣው ከሚቋቋመው ዘር በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ።

አባቴ በመደቡ ግማሽ አዲሱን፣ በግማሹ የራሳቸውን ዘሩ። ጥር ላይ የራሳቸው እንደ ልማዱ ቢጫ ሆነ። አዲሱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እስከ ጉልበት ደረሰ።

«ይኼኛው ፀጉሩን ተቀባ» አሉ ሽማግሌው ከበረንዳቸው።

አባቴ አልሳቁም። ከአረንጓዴው አንድ እግር ነቅለው ሥሩን ከቧንቧው አጠቡና አገላብጠው አዩት።

«ያ ነገር ከዚህኛው ወጣ?»

«አልወጣም፣ አባየ። ሥሩ ውስጥ አሁንም ይገባል። ቫይረሱን ግን ዘሩ ወደ ቅጠሉ አያሳልፈውም።»

«በሽታ ነው እንግዲህ።»

«በሽታ ነው።»

«እሷ አይደለችም።»

«አይደለችም፣ አባየ።»

ይቀላቸዋል ብዬ ነበር። እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነበርሁ?» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ አረንጓዴው ደረሰ። ፈጨነው፣ ጋገርነው፣ ቄሳችን ባረኩት፣ ሰው መጥቶ በላ። አባቴም በሉ። ተዝካሩ እንዲህ ወጣ።

በዓመቱ ደግሞ ሲዘሩ አየኋቸው። መደቡን ሁሉ በጥሩው ዘር ከሸፈኑ በኋላ በአጥሩ ዳር አንድ ረድፍ ከአሮጌው፣ ከቀጫጫው ዘሩ።

«አባየ፣ ያ ነገር እኮ አፈሩ ውስጥ ይራባበታል» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉና አፈሩን በእግራቸው መለሱበት። ጓንት አላደረጉም።

እኔ ቢጫው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። የእናቴን ፊት ግን አላስታውሰውም። ዝናቡ በርትቶ የአጥሩ ዳር አረንጓዴ ሆኖ የሰነበተ እንደሆነ፣ ጠዋት ወደ አውቶቡሱ ስሄድ ደጋግሜ ዞሬ አያለሁ። ቢጫው ሲዘገይ የምትመጣ ሰው የቀረችብኝ ያህል እፈራለሁ።