የክርስትና ስም ያልተጻፈላት ሟች

ያን ክረምት ያነበብኳቸው ልብ ወለዶች ሁሉ ሴት ይገድላሉ። አራት ነበሩ። ደራሲዎቻቸው አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ግን አንድ ጠላ ቤት ተቀምጠው የተማከሩ ይመስላሉ። ልጅቷን ከገጠር ያስነሷታል፣ አዲስ አበባ ያስገቧታል፣ አውቶሞቢል ካለው ወንድ ጋር ያገናኟታል፣ ከዚያ ሳል ያስይዟታል። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ዝናብ ይዘንባል። እሷ ትሞታለች፣ ወንዱ ያለቅሳል፣ ደራሲው ራሱ ብቅ ብሎ «እህቶቼ ሆይ» እያለ ይመክረናል። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አንብቤ ስንቱን ረሳሁ፤ እነዚያን ግን አልረሳኋቸውም። ይቅርም አላልኳቸውም።

ያን ጊዜ አሰላ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ነርስነት እንድማር ተፈቅዶልኝ፣ መስከረም እስኪጠባ የምጠብቅ ልጅ ነበርኩ። አባቴም እሺ ብሎ ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ገብሱንም ስንዴውንም ከሲሬና ከጎበሳ እየሰበሰበ ናዝሬት ይልካል። አባቱ ከሸዋ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ስለሆነ ገበያ ሲወጣ ኦሮምኛውን ያንቆረቁረዋል። በሁለቱም ቋንቋ የሚረታው ሰው የለም። ማንበብ ግን አይችልም፤ አንድ ፊደል እንኳ አይለይም።

ስለዚህ እኔ ንባብ ከለየሁ ጀምሮ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህል ከተቀመሰ በኋላ «በይ እስቲ አሰሚን» ይለኛል። ቤታችን ያለው መጽሐፍ አንድ የጻድቅ ገድል ብቻ ነበር፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ላይ ይቀመጣል። እጄን ታጥቤ እከፍተዋለሁ። አባቴ መደቡ ላይ ሆኖ ጋቢውን ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው መስቀለኛ ያጣፋል፤ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ትፈትላለች። እኔ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነባለሁ፤ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ነው። ሲያልቅ አባቴ መጽሐፉን ተሳልሞ ራሱ ይጠቀልለዋል።

ልብ ወለዶቹን ያዋሰኝ የአማርኛ አስተማሪያችን ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ሲሆን፣ የአሰላን ጭቃ ሆን ተብሎ እሱን ለማዋረድ የተቦካ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የመጀመሪያውን መስኮት ሥር ተቀምጬ ለብቻዬ ሳነብ አባቴ ደረሰብኝ።

«ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው አባዬ።»

«እሱንማ አየሁት። ለብቻሽ ነው እንዴ የምትጸድቂው? ጮክ በይ እንጂ!»

ምን ልበለው? ጮክ አልኩ። ጋቢውን አጣፋ። ስለ ልጅቷ አንገት ሦስት ገጽ ሙሉ አነበብኩለት። እውነቴን ነው፣ የሰው አንገት ሦስት ገጽ አይፈጅም። አንዴ የብርሌ አንገት ነው፣ ወዲያው የሚዳቋ፣ ገጹን ስንገልጥ ደግሞ የዘንባባ ግንድ። አባቴ አንገቷ እንዲህ የተወደሰው ኋላ በሰማዕትነት በሰይፍ ሊቀላ ነው ብሎ በትዕግሥት ጠበቀ። አውቶሞቢል ያለው ሰውዬ ሲመጣም «ይሄ ሀብቱን ጥሎ የሚመንነው መቼ ነው?» አለኝ። ገድል ላይ ሀብታም ሰው የሚገባው ለመመነን ነዋ! ሰውዬው ግን መመነኑ ቀርቶ ሌላ አውቶሞቢል ገዛ።

እናቴ ከአባቴ የተሻለች አንባቢ ነበረች፤ ማለቴ የተሻለች ሰሚ። «ይቺ ልጅ እናት የላትም?» አለች በመጀመሪያው እሑድ። ገለባብጬ ፈለግኩ፤ የላትም። በአራቱም መጽሐፍ ውስጥ አንዲት እናት የለችም። እናት ካለች ታሪኩ በሁለተኛው ገጽ ያልቃላ! ልጅቷ ስትሞትም እንዲሁ ሆነ። ደም እየተፋች አንድ ገጽ ተኩል ያህል ስለ ዘመናዊ ሥልጣኔ ጉዳት ንግግር አደረገች። «ሳል የያዘው ሰው ይህን ሁሉ ይናገራል?» ብላ እናቴ እንዝርቷን አሾረች። እኔ ሳቄን ዋጥኩ። ዞር ስል አባቴ እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል።

መጽሐፉን ተቀብሎኝ ተሳለመው። ሽፋኑ ላይ ከንፈሯን ያቀላች ሴት አውቶሞቢል ተደግፋ ቆማለች። አባቴ ጨዋ ሰው ስለሆነ ሴቲቱን አልፎ አውቶሞቢሉን ተሳለመ።

በማግስቱ ገብስ ለመረከብ ጎበሳ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። ወደ ነፍስ አባቱ ሄደና ለዚያች ልጅ ፍትሐት ያዙልኝ አላቸው። ዘመድ የሌላት፣ በሰው አገር የሞተች፣ ተዝካሯን የሚያወጣላት የሌለ ልጅ ናት አላቸው። ቄሱ «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ያለዚያ ፍትሐት የለም። ጭቃውን ሲያቦካ ተመልሶ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ «የክርስትና ስሟን ፈልጊልኝ» አለኝ።

«አባዬ፣ ልጅቷ እኮ የለችም» አልኩት።

«ሞታለቻ!»

«አይደለም፣ ድሮም አልነበረችም። ሰውዬው ፈጥሮ ነው የጻፋት።»

ተቆጣ። እንደዚያ ሲቆጣኝ አላስታውስም። «ሐሰት በማተሚያ ቤት ይታተማል? መንግሥት እያየ? በይ ፈልጊ!» ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር ፈለግኩ። የተኛችበት አልጋ ቀለም ተጽፏል። የሰውዬው የሲጋራ ሽታ ተጽፏል። አንገቷ፣ ብያለሁ፣ ሦስት ገጽ ወስዷል። ያቺን ልጅ ክርስትና ማን እንዳነሳት፣ በማን ስም እንደተጠመቀች ግን አንድ መስመር የለም። ከዚያ በፊት መጽሐፉ ይሰለቸኝ ነበር፤ ያን ዕለት ጠላሁት። ሰው ልትገድል ከተነሳህ ቢያንስ የሚቀበርበትን ስም አትሰጠውም? ቄሱ በመጨረሻ «ስሟን ፈጣሪዋ ያውቀዋል» ብለው በጸሎት አሰቧት። አባቴ ግን ደስ አላለውም። ከገበያ በተመለሰ ቁጥር «አላገኘሽውም?» ይለኝ ነበር።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከአስተማሪው ተውሼ እንዳመጣ ያዘዘኝ እሱ ራሱ ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አንገቱ ቀርቶ ጠጉር ነበር። ሦስተኛው የሚጀምረው ገጠር ውስጥ ነው፤ እንዴት ያለ ገጠር! ብርድ የለበት፣ ጭቃ የለበት፣ ከዓመት እስከ ዓመት አበባ ብቻ። ገበሬው ሞኝና ደግ ነው፣ ሲናገርም አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ነው። ደራሲው አንድ ሐምሌ ጭላሎ ተራራ ሥር ቢከርም ኖሮ፣ ገበሬው ከደግነቱ በፊት ስንዴውን ስለሚፈጀው ዋግ እንደሚያወራ ይሰማ ነበር። የቤታችን ጣራ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሲያይል ንባቡን አቋርጬ እጠብቃለሁ፤ መጽሐፉ ውስጥም ሲዘንብ ልጅቷ ልትሞት እንደሆነ አውቄ፣ ምነው የኛው ዝናብ ባላባራ እል ነበር።

ሦስተኛዋ ስትሞት አባቴ አላለቀሰም። ጋቢውን አስተካከለና «ነገር በሦስት ምስክር ይጸናል» አለ። «አንዱ ቢሳሳት ሦስቱ አይሳሳቱም። አዲስ አበባ አትሄጂም።»

ይኸው ነው። ገብስ የሚሸጥለትን ሰው ጆንያው ውስጥ እጁን እስከ ክርኑ ሳያስገባ የማያምን አባቴ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው ሴት የሚገድሉ ሰዎችን ግን በታተመ ወረቀት አመናቸው። እናቴ «ኧረ ተው፣ የልጅቱን ዕድል አትዝጋ» አለችው፤ አልሰማትም። እኔ ጓዳ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ። በእሱ አልነበረም የተናደድኩት። ትምህርቴን የዘጋው የገዛ ድምፄ ነበር፤ ሦስቱንም ሰዎች በቤታችን መደብ ፊት አቁሜ ያስመሰከርኳቸው እኔ ነኝ።

አስተማሪውን ለመንኩት። «ቤት መጥተው ድርሰት መሆኑን ይንገሩልኝ» አልኩት። መጣ። አባቴ ከመደቡ ተነስቶ ተቀበለው፣ ጠላ ተቀዳለት። «አስተማሪ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። እነዚህ ልጆች ነበሩ ወይስ አልነበሩም?» ብሎ ፊት ለፊት ጠየቀው። መልሱ አንድ ቃል ነበር። አስተማሪው ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ድርሰት የኑሮ መስታወት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ባይኖሩ እንኳ፣ እንደነሱ ያሉ ሺ አሉ።»

«ሺ!» አለ አባቴ፣ ወደ እናቴ ዞሮ። «ሺ ናቸው ይላሉ አስተማሪው፤ ሰማሽ?»

ስሸኘው አስተማሪው ደስ ብሎት ነበር፤ አባትሽ ጥልቅ ሰው ናቸው አለኝ። በሩ ላይ ደርሰን እሱም አንድ ልብ ወለድ እየጻፈ መሆኑን በሹክሹክታ ነገረኝ። ስለ አንዲት የገጠር ልጅ ነው። «መጨረሻዋ በጣም ያሳዝናል» አለ። ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልለው ተመለስኩ።

አራተኛውን ሳነብ ጳጉሜ ሊገባ ነበር። እንደተለመደው ልጅቷ ሳለች፣ እንደተለመደው ደመናው ተሰበሰበ። ሰውዬው አልጋዋ ሥር ተንበረከከ። እኔ ከመጽሐፉ ወጣሁ። ሐኪም አመጣሁላት። መርፌ አስወጋኋት፣ ሾርባ አጠጣኋት። ሲሻላት ያንን ባለ አውቶሞቢል አስወጥቼ እሷን ነርስ አደረግኳት። በአውቶቡስ አሳፍሬ አገሯ መለስኳት፤ አባቷም አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጥቶ ሻንጣዋን ተቀበላት። እናት እንኳ ሰጠኋት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ከአራቱ ሁሉ ጥሩ አድርጌ ያነበብኩት ይኸኛውን ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከአራቱ ደራሲዎች የተሻልኩ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ።

ስጨርስ አባቴ እጁን ለመጽሐፉ አልዘረጋም።

«ጣትሽ ቆሟል» አለኝ።

አየሁት። ጣቴ ሰውዬው ከተንበረከከበት መስመር ሥር እንደቆመ ነው።

«ልጅቷን ሐኪም ካየበት ጀምሮ ጣትሽ አልተንቀሳቀሰም። ይህን ማን ጻፈው?»

እናቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«አሁን? እዚሁ?»

«አዎ አባዬ።»

«እመጽሐፉ ላይ ምን ሆነች?»

«ሞተች።»

«ሶባ» አለ። ገበያ ላይ፣ ከላይ ጥሩ እህል ከሥር ገለባ ሲያገኝ የሚላት የኦሮምኛ ቃል ናት፤ ውሸት ማለት ነው። ለማን እንዳላት አላወቅኩም። መጽሐፉን አተኩሮ አየው። ይመታኛል ብዬ ነበር።

«አንቺ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ሰው ካዳንሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ያም ሰውዬ እዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰው መግደል አያቅተውም።»

«ስነግርዎት የነበረው እሱን ነው አባዬ።»

«ያቺስ? ጸሎት ያስያዝኩላት?»

«እሷም።»

ራሱን ነቀነቀ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ሳይሳለመው መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ጋቢውን ፈትቶ፣ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ እንደሚለብሰው አድርጎ ለበሰው። «ብርድ ልብስ ይገዛላት» አለ ለእናቴ። «አዲስ አበባ እንደኛ ባይሆንም ይበርዳል።»

መስከረም ሲጠባ ሄድኩ። ሳል አልያዘኝም፣ አውቶሞቢል ያለውም ሰው አላገኘኝም፤ ብዙ የታመመ ሰው አስታመምኩ፣ ደም እየተፋም ንግግር ያደረገ አንድ አላየሁም። ስለ ዋሸሁት ውሸት አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ። ደራሲዎቹን ይቅር ያላልኩት ግን ስለ ትምህርቴ አይደለም፤ እሱንማ በራሴ አስመለስኩት።

ለፋሲካ ፈቃድ ወጥቼ ወደ ቤት ስመጣ፣ እሑድ ዕለት አባቴ ራሱ ነጩን ጨርቅ ፈቶ ገድሉን ሰጠኝ። «በይ እስቲ አሰሚን» አለ፣ ጋቢውንም መስቀለኛ አጣፋ። እጄን ታጥቤ ማንበብ ጀመርኩ። ጻድቁ በጸሎታቸው አንዲት የታመመች ሴት የፈወሱበት ቦታ ስደርስ እጁን አነሳ። ንባቡን አቋርጦኝ አያውቅም ነበር።

«ይኸ ተጽፏል?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወይስ ያንቺ ነው?»

«ተጽፏል አባዬ፤ ይኸውልዎት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ፊደሉን አያውቀውም፤ ያየው ጣቴን ነበር።