አሚን የጠፋበት ፋይል

ሰሞኑን የወንድሜን የሰይድን አሮጌ ኮምፒውተር አቧራ ስጠርግ፣ ገና ሳልከፍተው ማራገቢያው ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

ኮምፒውተሩ ይሠራ በነበረበት ዘመን እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ሐዋ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፤ ሻንጣዋ ታስሯል፣ የደሴው ሚኒባስ መርሳ መናኸሪያ ቆሟል። እሷ ግን «የእናቴን ምርቃት በስልኬ ካልያዝኩ ንቅንቅ አልልም» ብላለች። እናቷ፣ አያቴ፣ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ሲመርቋት አባቴ በስልኩ ቀድቶታል፤ ፋይሉ ኤ ኤም አር የሚባል የድምፅ ዓይነት ነው። የሐዋ ባለ ቁልፍ ስልክ ደግሞ ከኤም ፒ ስሪ ሌላ አያውቅም። ሰይድ መጀመሪያ የፋይሉን ስም ብቻ ቀየረው፤ ስልኩ ጭጭ።

«ስሙን ስለቀየርከው ሰውየው ይቀየራል እንዴ!» አለችው ሐዋ።

ከዚያ በፕሮግራም ይቀይረው ጀመር። ሥራው የት እንደደረሰ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ትንፏቀቃለች። እኔ በር ድረስ እሮጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ መስመሯን በጣቴ ልገፋት እሞክራለሁ። የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ ከጓሮ ደግሞ የበሰለ ማንጎ። አያቴ መብራት እንዳይጠፋ «ያረብ! ያረብ!» ይላሉ። ውጭ ወደ መናኸሪያ የሚያደርሰን ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል።

አለቀ! ሰይድ ሐዋ ስልክ ላይ ጭኖ ሲከፍተው የአያቴ ድምፅ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ጫጫታውን እየመረጥኩ አጠፋሁት» አለ ሰይድ ደረቱን ነፍቶ።

የአያቴ ፊት ጠቆረ። «አሚኑስ?»

«እማማ፣ እሱ እኮ ነው ጫጫታው።»

«ጎረቤቱ ሁሉ አሚን ያለላት ነው ጫጫታ? አንተ ልጅ! አሚን ያልተባለለት ምኑ ነው ምርቃት፣ ወሬ ነው እንጂ!»

የሐዋ ዓይን እንባ ሞላ። ሰይድ እንደገና ሊቀይረው ሲቀመጥ መብራቱ ድርግም።

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረርን። ረዳቱ የሚኒባሱን በር ሊዘጋ ሲል አያቴ እጁን ያዙት። «አንዴ ቆየኝ፣ የኔ ልጅ። ሐዋ፣ ክፈቺው።»

ስልኩ «አላህ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስሽ» አለና ዝም አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ «አሚን» አሉ። ቀጥሎ ረዳቱ። ነጠላ ያጣፉ ሴትዮም «አሜን፣ አሜን» አሉ። እኔማ መስኮቱ ሥር እየዘለልኩ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ሐዋ እየሳቀች፣ እያለቀሰች ሄደች።

ዛሬ ማን ፋይል ይቀይራል! የሐዋ የድምፅ መልእክት ነካ ሲያደርጉት ይከፈታል፤ እኔም እየተራመድኩ ሰምቼ አልፋለሁ። አያቴ ካረፉ ወዲህ ግን ረመዳን በገባ ቁጥር ትደውልና ያንን ምርቃት ትከፍትልናለች። ሰይድ ያጠፋው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። እዚያ ሲደርስ እሷ ከዚያ፣ እኛ ከመርሳ፣ እኩል «አሚን» እንላለን።