በጠዋት የመጡት ሰባት ሰዎች

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁበት ማታ ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ አንድ ፌስታል ማሾ ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱልኝና «እዚያ አገር ይኑር አይኑር ማን ያውቃል» አሉኝ። ባለቤቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዶ እዚያው ቀረ። እኔን ያረዱኝ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ደጄ ላይ ቆመው። እትዬ ዘይነባ ከፊት ነበሩ። ስለዚህ ስንለያይ «ደውዪ፤ በማለዳ ግን እንዳትደውዪብኝ፣ ልቤ አይችልም» ሲሉኝ ነገሩ ገብቶኛል።

የወሰደችኝ ልጄ ሰናይት ናት። ጀርመን ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ባለባት ትንሽ ከተማ፣ ሆቴል ትሠራለች። ከአውሮፕላን ስንወርድ የተቀበለኝን ብርድ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ብርድ እንኳ አያክለውም። ሽንኩርታቸው ትልቅና ያማረ ነው፤ ሲከትፉት ግን ዓይን አያቃጥልም። የእኛ የሮቢት ሽንኩርት ከጓዳ ሆኖ ሳሎን ያለውን ሰው ያስለቅስ የለ? በዚህኛው እያለቀስኩ ብገኝ ሰናይት ምክንያቱን ታውቅብኛለች።

አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ ነበር። እዚህ ለመታከም መጀመሪያ ቴርሚን ያስፈልጋል፤ ቀጠሮ ማለት ነው። ክሊኒኩ በር ላይ የተቀመጠችው ሴት ኮምፒውተሯን አየችና ለሰናይት ነገረቻት።

«ከስድስት ሳምንት በኋላ ትምጣ ትላለች» አለችኝ ሰናይት።

«እስከዚያ ከሞትኩስ በያት።»

ሰናይት ዞር ብላ ረዘም ያለ ጀርመንኛ ተናገረች። ሴትዮዋ ፈገግ አለች።

«ምን አልሻት?»

«እናቴ ታመሰግናለች።»

ቀኑ ሲደርስ ግን አልቀለዱም። የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት ሆስፒታል ላኩኝ፤ እብጠቱን ቆርጠው አወጡት። ክፉው በሽታ ይሁን አይሁን ተመርምሮ እስኪታወቅ እዚያው ተኛሁ። ሰናይት በየማታው ስትጠይቀኝ፣ በየጠዋቱ በብስክሌት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ሰነበተች። መንገዱ በረዶ ነው፤ እኔ ከሕመሜ ይልቅ ብስክሌቷን እፈራለሁ።

አንድ ቀን ገና በደንብ ሳይነጋ ነርሷ አልጋዬ አጠገብ ስልክ አስቀመጠች። አስተርጓሚው በስልክ ነው የሚሠራው፤ ድምፁ የጎንደር ሰው ይመስላል። «እንደምን አደሩ እናቴ፣ ሐኪሟ እስክትገባ ትንሽ ይታገሡ» አለኝ።

በሩ ተከፈተ። ሰባት ሰዎች ገቡ፣ ቀስ ብለው፣ ተከታትለው። አልጋዬን ከበው ቆሙ። አንዳቸውም አይናገሩም፤ አንዷ መሬት መሬት ታያለች።

ለራስ ሞት መርዶ አይነገርም። ልጄ ናት፣ ብስክሌቱ ነው አልኩ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አደገደግሁና «ልጄን! ሰናይቴን!» እያልኩ ደረቴን መምታት ጀመርኩ።

«እናቴ! ልጅዎ ምን ሆነች?» አለ ስልኩ።

«ሊያረዱኝ መጡ እኮ! ሰባት ሆነው፣ በዚህ ጠዋት!»

አስተርጓሚው ቀስ ብሎ «እናቴ፣ ተማሪዎች ናቸው። ከሐኪሟ ጋር በሽተኛ እያዩ ሊማሩ ነው የመጡት። ልጅዎ ምንም አልሆነችም» አለኝ።

«ታዲያ ፊታቸው ምን ሆነ?»

«ሐኪሟ ጥያቄ እንዳትጠይቃቸው ፈርተው ይሆናላ።»

ነገሩን ከኋላቸው ለገባችው ሐኪም ሲያስረዳት ፊቷ ቀላ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጄን ያዘችና ተናገረች። አስተርጓሚው መተርጎሙን ትቶ «የምሥራች፣ እናቴ!» አለ። «ክፉው አይደለም። ድነዋል።»

«ምስር ይብሉ» አልኩት።

ሐኪሟ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው። ምን ብሎ እንደተረጎመላት እንጃ፤ ሰባቱም ሳቁ፣ መሬት ታይ የነበረችውም ጭምር። እኔም ሳቅኩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ድምፅ አውጥቼ ስስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ወዲያው ልደውል ስልኬን አነሳሁና የእትዬ ዘይነባ ልብ ትዝ ብሎኝ መልሼ አስቀመጥኩት። ቀትር ካለፈ በኋላ ደወልኩ።

«የምሥራች፣ እትዬ። ክፉው አይደለም አሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ምስር ብዪ፣ ምስር ብዪ» አሉ። ከበስተኋላቸው ባጃጅ ጡሩንባ እየነፋ አለፈ። ጡሩንባው እስኪርቅ ጠበቁና «ምስሩ ግን እዚህ ነው ያለው። መቼ ትመጫለሽ?» አሉኝ።

ሐኪሟ ሌላ ቴርሚን ሰጥታኛለች። ከዚያ በኋላም ሌላ ይኖራል።

«ሙቀቱ ዛሬ እንዴት ነው?» አልኳቸው።