እህቴና የሜሞሪው ዘበኛ

ባለፈው ወር የቀበርናት ታላቅ እህቴ ሥራዋ ከርነል መጠገን ነበር፤ ከርነል በኮምፒውተር ውስጥ ለየመሣሪያው የሜሞሪ ቦታ የሚያከፋፍል ፕሮግራም ነው። እኔ መዝገብ በምጠብቅበት ሆስፒታል አብረን ሠርተናል።

አንድ ጠዋት ሲቲ ስካኑ ምስል መስጠት አቆመ። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም የሚፈሳት ሴት አልጋው ላይ ተኝታለች፤ ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን ሳያይ አይነካትም። መሣሪያው ያልተፈቀደለት ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ሲል የከርነሉ ዘበኛ እንደከለከለው ስክሪኑ ይናገራል።

«እህት ዓለም፣ ዘበኛውን አጥፊውና ይሥራ» አላት የክፍሉ ኃላፊ።

«ዘበኛውን ገድለን ሌባ የለም እንበል፣ ጋሼ? የሌላ በሽተኛ ምስል ላይ ቢጽፍስ?»

«ሴትዮዋ እየሞተች ነው እኮ።»

«በተሳሳተ ምስል ጭንቅላቷ ቢከፈትም ትሞታለች።»

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል መሣሪያውን የሚያዘውን ፕሮግራም መረመረች። ትናንት ታድሷል፤ አዲሱ ፕሮግራም መሣሪያው ጽፎ ሳይጨርስ ቦታውን እየነጠቀ ለሌላ ይሰጣል።

«ተከራዩ ዕቃውን ሳያወጣ ቤቱን አከራይተውበታል» አለች። ለማረም ጊዜ ስላልነበረ እድሳቱን አንስታ የቀድሞውን መለሰች።

ምስሉ ወጣ። ሐኪሙ ሊወስደው ሲል «ይቆዩ» አለችው፤ የሴትዮዋን ስምና ቁጥር ከካርዷ ጋር አስተያይታ ነው የለቀቀችለት። ሴትዮዋም በኋላ በእግሯ ሄዳ ከሆስፒታሉ ወጥታለች።

«አቤት ድርቅናሽ!» አላት ኃላፊው።

«እናታችንም ይህንኑ ትለኛለች» አለች እህቴ። ከዚያም ያነሳችውን እድሳት ልታርም ወደ ስክሪኑ ተመለሰች።