የተከፈቱት ብልቃጦች

በዩኒቨርሲቲው ቴፒ ግቢ በቲሹ ካልቸር ላብራቶሪ ቴክኒሻንነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ አብልጬ የምጠላው ነገር የሰው ትንፋሽ ነበር። በሩ ላይ ያስነጠሰ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ፊት አይገኝም። ሥራችን የቡና ቅጠል ቁራጭን በብልቃጥ ውስጥ እየቀለቡ ችግኝ ማድረግ ነው። ቁራጩ የሚበላው ጣፋጭ ምግብ ግን ለሻጋታም ድግስ ነው፤ ክዳኑ አንዴ በእንዝህላልነት ከተከፈተ የወራት ልፋት ነጭ ጸጉር አብቅሎ ይጠብቅሃል። ተማሪዎቹ "ፖሊሷ" ይሉኝ ነበር። ከኋላዬ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ!

ልፋቱ ረጅም ስለሆነ መሃል መሃሉ ላይ ደስታ ያስፈልገዋል። መምህራችን፣ ፊታቸው የማይፈታ የላብራቶሪው ኃላፊ፣ አንድ ልማድ አምጥተውልን ነበር። የአንድ ተማሪ ብልቃጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻጋታ ሳይነካው ሲከርም፣ ቆይቶ ቡቃያ ሲያወጣ፣ በመጨረሻም ችግኙ ወጥቶ አፈር ሲነካ፣ ሁላችንም ከላብራቶሪው ጀርባ ካለው የችግኝ ዳስ ሥር እንሰበሰባለን። ዳቦና ለስላሳ ይቀርባል። ከዚያ መምህራችን ማንቆርቆሪያውን ያነሱና ጎንበስ ብለው ተማሪውን ያስታጥቡታል። በየቤታችን ታላቁን የሚያስታጥበው ታናሹ ነው፤ በዚያች ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የገጠር ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ ይሰበስቡና "ኧረ ቲቸር፣ ነውር ነው!" ይላሉ። "ዝም ብለህ ታጠብ፤ ዛሬ ያንተ ቀን ነው" ይላሉ እሳቸው። እኛ እናጨበጭባለን።

ከሸኮ በኩል የመጣች አንዲት የማስተርስ ተማሪ ነበረችን። አባቷ በልጅነቷ ሞተው እናቷ ናቸው ቡና እየሸጡ ያስተማሯት። በሽታ የቤተሰቡን ቡና ሲጨርሰው ከጓሯቸው አንዲት እግር ቡና ብቻ ምንም ሳትሆን ቀርታለች። ልጅቷ ለምርምሯ ቅጠል የቆረጠችው ከዚያች ነው። ብልቃጧ ንጹሕ ሆኖ የከረመ ጊዜ ስናስታጥባት አለቀሰች፤ የቡቃያው ጊዜ ሳቀች። ችግኟ አፈር የሚነካበትን በዓል ግን ያለ እናቷ እንደማታከብር ቁርጡን ነገረችን።

"እማዬ ናት ቀድማ የምትታጠበው። ከዚያ እኔ" አለች።

"ውሃው ለሁለታችሁም ይበቃል" አሉ መምህራችን።

ቡቃያዎቹ የጣት ጥፍር ሲያክሉ እሷ መክሳት ጀመረች፤ እግሯም አበጠ። ኩላሊት ነው ተባለ። ከአማን ሆስፒታል ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ብልቃጦቿን እኔ ተረከብኩ። ምግባቸው ባለቀ ቁጥር ወደ አዲስ ብልቃጥ አዛውራቸዋለሁ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር የሚያስነሳውን ሰውዬ እጨቀጭቃለሁ። ስትደውል ስለ ሕመሟ ስጠይቃት እሷ ስለ ቡቃያዎቹ ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን ድምፅዋ ደክሞ "ፖሊሷ፣ ልጆቼን አደራ" አለችኝ። ያን ቅጽል ስም በፊቴ የጠራችው እሷ ብቻ ናት። ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁትም።

ሬሳዋ በሳጥን ሆኖ መጣ። መንገዱ ረጅም፣ አገሩም ሙቀት ነውና ሽማግሌዎቹ ሳጥኑ እንዳይከፈት ወሰኑ። እናቷ ክዳኑን በመዳፋቸው እየመቱ "ክፈቱልኝ፣ አንድ ጊዜ ልያት" ሲሉ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ይዘው አራቋቸው።

ወር ያህል ቆይተው እናቷ ዕቃዋን ሊወስዱ ግቢ መጡ። መምህራችን "ሥራዋን ይዩት" ብለው ወደ ላብራቶሪው አስገቧቸው። ጋውን አልብሼ፣ ብልቃጦቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው።

"እነዚህ የዚያች የጓሮዎ ቡና ልጆች ናቸው፣ እማማ። ሥር እስኪያወጡ ትንሽ ይቀራቸዋል" አልኳቸው።

ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ወንበር ላመጣላቸው ወጣሁ። ስመለስ ክዳኖቹ ሁሉ ተነስተዋል። እናትየዋ በላያቸው ጎንበስ ብለው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ትንፋሻቸው እስኪነካቸው ድረስ ተጠግተው በሸኮኛ ያወሯቸዋል።

እውነቱን ልናገር፣ ልጮህ ነበር። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ አደራ! አፌን ስከፍት መምህራችን ከኋላ ትከሻዬን ያዙኝ። በጓንት እንኳ ብልቃጥ ስንነካ የሚቆጡት ሰውዬ ረጋ ብለው "ደርሰዋል" አሉ። "የሚወጡት ዛሬ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አምጪ።"

ውሸት ነበር። ተማሪዎቹም ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ዳሱ ሥር ተሰበሰብን። ቡቃያዎቹን እናትየዋ በእጃቸው አፈር አስነኳቸው። ከዚያ መምህራችን ጎንበስ ብለው አስታጠቧቸው። እናትየዋ እጃቸውን እንደሌሎቹ አልሰበሰቡም፤ ዘርግተው ውሃውን እያዩ ታጠቡ። አጨበጨብን። ቀጥሎ የልጅቷ ተራ ነበር። መምህራችን የቀረውን ውሃ ይዘው ትንሽ ቆሙና ቡቃያዎቹ ሥር አፈሰሱት።

ቡቃያዎቹ ብዙም አልቆዩም። መጀመሪያ ጠወለጉ፣ ከዚያ ጠቆሩ፣ ከዚያ ከአፈሩ ጋር አንድ ሆኑ። እናትየዋ ግን በሰው ስልክ እየደወሉ "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ይሉኛል። እኔም "ደህና ናቸው እማማ፣ ቅጠል ጨምረዋል" እላለሁ። ለሞተ ነገር ቅጠል መጨመር እንዴት ያለ ሥራ ነው!

አንድ የገበያ ቀን ራሳቸው መጡ። የምጨምረው ቅጠል አለቀብኝ። እጃቸውን ይዤ ወደ ዳሱ ወሰድኳቸውና ባዶውን አፈር አሳየኋቸው።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ማን ነገረዎት?"

"ቡና ስተክል ነው ያረጀሁ። ሥር የለውም፤ ያን ቀን አየሁ። እናንተ ግን አጨበጨባችሁ። ምን ልበል? ዝም አልኩ።"

አፈሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

"ታዲያ ለምን ከፈቷቸው፣ እማማ?"

ባዶውን አፈር በመዳፋቸው ደለደሉት።

"የእሷን ሳጥን ክፈቱ ብል ከለከሉኝ። ፊቷን ሳላይ ቀበርኩ። እናንተ ጋ ደግሞ ክዳን አለ፣ የሚከለክል ሰው የለም። እጄ ከፈተ።"

ዘንቢላቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡና በኮባ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈታ ሲያደርጉት የዚያች ቡና ለጋ ቅጠል ነው፤ የጠዋቱ እርጥበት አልለቀቀውም።

"እንደገና ጀምሩላት" አሉኝ። "አሁን አልከፍትም። በመስታወቱ አያታለሁ።"

ቅጠሉን ተቀብዬ ወደ ላብራቶሪው ሄድኩና ጋውኔን ለበስኩ። እንባዬ ግን አልቆም አለ፤ እንዲያ ሆኜ ብገባ የማበላሸው እኔው ነኝ። እስኪወጣልኝ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፤ እሳቸውም አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ።