የገበሬ ልጅ ቆዳ ሲሰፋ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ኧረ ሞቅ አድርጋችሁ በሉት፣ ጌታ ይባረክ! ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ካልመሰከርኩ ምሳዬም አይወርድልኝም። ባለቤቴ ይሽ ስነሳ ኮቴን ሳብ አድርጋ «አደራ እንዳታስረዝመው» ብላኛለች። እሞክራለሁ፤ ግን ጌታ ያደረገው ብዙ ነው።

ስሜ ደሳለኝ ይባላል፤ የማክሰኝት ገበሬ ልጅ ነኝ። ወታደር ሆኜ ሳለሁ ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች ፈንጂ ወሰደው። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች። እኔ ግን ከእነሱም ከእናንተም አልነበርኩም። ሆስፒታል ሳለሁ ሐኪሙ «ቁስልህ ሽሯል፤ አሁን ሥራ ፈልግ» ቢለኝ «እግር የሌለው ሰው ምን ይሠራል?» ብዬ ጮኽኩበት። እሱም ፈገግ ብሎ «እኔ የምሠራው በእጄ ነው፤ አንተስ?» አለኝ።

ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራበት ማዕከል ላኩኝ፤ እግርም ገጠሙልኝ። እዚያ እንደኔ ዓይነቱን በሥራ ምርጫ የምታማክር እህት ብርቱካን የምትባል ሴት አለች።

«ምን መሥራት ትችላለህ?» አለችኝ።

«ማረስና መተኮስ።»

«መተኮሱ ይብቃህ፤ ማረሱም ለጊዜው ይቆይ። ሌላስ?»

«ሌላማ ምን አለ? ጠፍር ለቀንበሩም ለአልጋውም ራሴ ነበርኩ የምቆርጠው።»

ከወንበሯ ብድግ አለች። «እንግዲያው ቆዳ ታውቃለህ! የእግር ማሰሪያ የሚሰፋልን ሰው አጥተን ተቸግረናል፤ እናሰለጥንሃለን!»

ወገኖቼ፣ አገራችንን ታውቃላችሁ። ገበሬ ለራሱ በሬ ጠፍር ሲቆርጥ ጎበዝ ይባላል። ለሰው ቆዳ ከሰፋ ግን ፋቂ ይሉታል፤ ልጁን የሚያገባለት እንኳ ያጣል። ቆዳው ያው፣ ቢላዋው ያው! እኔም «እግሬን ማጣቴ ሳያንስ ዘሬን ልታሰድቢብኝ ነው?» ብያት ወጣሁ።

ከዚያ ፀዳ ከተማ ያለው ቤታችን ገብቼ ተቀመጥኩ። ይሽ ጉልት ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እኔ በዘሬ እኮራለሁ። ሳቁ፣ ሳቁ! ያኔ ግን አያስቅም ነበር። ሰው ጠላሁ፣ እሷንም አስለቀስኳት፣ መኖርም ሰለቸኝ። ጌታ ባይደርስልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም።

አንድ ቀን አስፋልት ስሻገር የሰው ሠራሽ እግሬ ማሰሪያ ተበጠሰና ባጃጅ ፊት ተዘረርኩ። ባለባጃጁ «ምነው አያ፣ አስፋልት ላይ ይተኛል እንዴ?» እያለ አነሳኝና ማዕከሉ አደረሰኝ። ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? አግዳሚው ላይ ሰዎች ተደርድረዋል፤ እግራቸውን ታቅፈው! የሁሉም ማሰሪያ ተበጥሷል፣ ሰፊ የለም። አንዱ ሽማግሌ «ፋቂም ይሁን ጠይብ፣ ብቻ ይምጣልኝ፤ ግንባሩን እስመዋለሁ» አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። መስፋት የሚችለው እጅ የኔው ነበራ!

እንቅስቃሴ የሚያለማምደን ወንድም ግርማ፣ እሱም እንደኔ አንድ እግር ያለው፣ ፊቴን አይቶ «እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ» አለኝ። መጣሁ፤ ያቺ ጥግ ጋ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ሰባኪው ምን አለ? «ሐዋርያው ኢዮጴ ሲገባ ብዙ ቀን የተቀመጠው ቁርበት ፋቂ ቤት ነው። መልአኩም ሰዎች እንዲፈልጉት ሲያዝ በግልጽ ፋቂው ቤት ነው ብሎ ነገረ። ሰማይ ያላፈረበትን ቤት አንተ ምን ቤት ነህና ታፍርበታለህ?»

ማን ነገረው? ማንም! ግርማን ዞር ብዬ ባየው እሱም አፉን ከፍቷል። ያን ቀን አለቀስኩ ወገኖቼ፤ ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። ሃሌሉያ! ሰኞ ጠዋት እህት ብርቱካን ፊት ቆሜ «ቢላዋውን አምጪ» አልኳት። እልልታዋን ግቢው ሁሉ ሰማ።

ሥልጠናውን ጨርሼ ሥራ ጀመርኩ። ይሄን ጊዜ አባቴ ሰምቶ ከማክሰኝት መጣ። «ሸጋ ሸጋ ሥራ ሞልቶ ምነው ልጄ? ቀዬው ከጠየቀኝ ዘበኛ ሆነ እላለሁ» አለኝ። የቀረበለትን እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። የሰፈሩ አያ ታከለ፣ የተከበረው አባቴ፣ በኔ አፈረ። እግሬ ከተቆረጠበት ቀን ይልቅ ያ ቀን አመመኝ። እኔና ይሽ ተንበርክከን «ጌታ ሆይ፣ ሥራውን ሰጠኸኝ፤ አባቴንም መልስልኝ» ብለን ጸለይን። ለወራት ድምፁን አልሰማሁም።

ባለፈው ሳምንት ቆዳ እየሰፋሁ በር ላይ ጫጫታ ሰማሁ። ብወጣ አባቴ ነው! ከግንባር እግሩን አጥቶ የተመለሰ የጎረቤታችንን ልጅ ደግፎ ከሚኒባስ እያወረደ ዘበኛውን ይጮህበታል። «የእግሩን ማሰሪያ የሚሰፋው የኔ ልጅ ነው! ጥራልኝ!»

«አባዬ፣ እዚህ መሥራቴን ለሰው ተናገርክ?» አልኩት።

«ማኅበር ላይ ተነስቼ ተናገርኩ እንጂ!»

«ምን ብለህ?»

«ልጄ ቆዳ ይሰፋል፣ ሰውም ያቆማል ብዬ ነዋ!»

ጌታ ይክበር! አሜን አትሉም? ያን ልጅ ለካሁት፣ አባቴም ከእኛ ጋር ምሳ በላ፤ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

እግሬ አልበቀለም፤ ታዩታላችሁ። ዛሬም አንዳንዴ የሌለው እግሬ ያሳክከኛል፣ የማክበት አጣለሁ! ግን ደስተኛ ነኝ፤ ጠዋት ስነሳ የምሄድበት አለኝ። አንተ ከኋላ ክራንችህን ወንበር ሥር የደበቅህ ወንድሜ፣ አይቼሃለሁ፤ እኔም እዚያው ነበር የምደብቀው። በጌታ ታመን፣ አላፈረብህም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በር ላይ ጠብቀኝ፤ ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነው።